በባለ ሸራ ጀልባ ላይ የቢንቢ መከላከያ መረብ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰመር ሲመጣ የእኛ ቤተሰብ ቅዳሜና እሁድ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ላይ ነው። መንገድ ካልተዘጋ ከሲልቨር ስፕሪንግ አናፖሊስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ጀልባችን 27 ጫማ የምትረዝም፣ ባለ አንድ ምሰሶ፣ ዕድሜ የጠገበች ባለ ሸራ ጀልባ ናት። ከጓደኛዬ ጋር ተጋርተን ነው የገዛናት። የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያ ስናድር እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየንም። ሲነጋ የትንሿ ልጄ አንድ ዓይን አብጦ አልገለጥ አለ። ከዚያ ወዲህ መረብ ስሠራ፣ ሳፈርስ፣ እንደገና ስሠራ ሦስት ሰመር አለፈ።

ጀልባው ላይ የመጣ ወዳጅ ሁሉ "ይቺን እንዴት ሠራሃት?" ይለኛል። አንዳንዱ ጀልባ የለውም። ለድንኳን ወይም አገር ቤት ላለው የእናቱ ቤት ነው የሚፈልገው። የሚጠይቁኝን ሰብስቤ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ውሃ መሀል ላይ ቢንቢ ምን ትሠራለች?

መሀል ላይማ የለችም። ቢንቢ ደካማ በራሪ ናት። በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትበር ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድማታል። ትንሽ ነፋስ ካለ አቅም ያጥራታል። ችግሩ፣ እኛ የምናድረው መሀል ላይ አይደለም።

ቼሳፒክ ከሰሜን እስከ ደቡብ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 7 ሜትር እንኳ አይሞላም። ዳርቻው በወንዝ መግቢያና በጨዋማ ረግረግ የተሞላ ነው፤ በተለይ የምሥራቁ ወገን። ሲመሽ መልህቅ የሚጣለው ከማዕበል የተከለለ፣ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቦታ ተፈልጎ ነው። በሰመር ደግሞ ማታ ማታ ነፋሱ ጸጥ ይላል። የተኛ ውሃ፣ ረግረግ፣ ሙቀት፣ ከዚያ አራት ሰው በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲተነፍስ። ቢንቢ የምትመጣው ትንፋሻችንን ተከትላ ነው።

መስኮት ዘግቶ መተኛት አይሞከርም። ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። ዘልሎ ውሃ ውስጥ ገብቶ መቀዝቀዝም ጁላይና ኦገስት ላይ ከባድ ነው፤ የሚናደፍ ጄሊፊሽ ይበዛል። ስለዚህ መስኮቱ መከፈት አለበት፤ መረብም መኖር አለበት።

ምን ዓይነት መረብ ልግዛ?

መጀመሪያ ማንን እንደምትከላከሉ እወቁ። እዚህ የሚያስቸግሩን ሦስት ናቸው። አንደኛዋ ቢንቢ ናት። ሁለተኛው በጁላይ ቀን ቀን የሚመጣው፣ ዓይኑ አረንጓዴ የሆነ ተናካሽ ዝንብ ነው፤ ሲነክስ ቆዳ ይቀድዳል። ሦስተኛዋ ከሁሉም የባሰችው ናት። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የምትሆን ደቃቅ ትንኝ። አሜሪካኖቹ "የማይታዩት" ይሏቸዋል። እውነትም አይታዩም። ቆዳው ሲያቃጥል ብቻ ነው መኖራቸው የሚታወቀው።

በየቤቱ መስኮት ላይ ያለው የተለመደው መረብ በአንድ ኢንች ውስጥ 18 በ16 ክር አለው። ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። ቢንቢንና ዝንብን በደንብ ይይዛል። ደቃቋ ትንኝ ግን ሰተት ብላ ትገባለች። ለእሷ ድንኳን ሰፊዎች የሚጠቀሙበት፣ ቀዳዳው ከ0.6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስስ የፖሊስተር መረብ ያስፈልጋል።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት ለበሩ የተለመደውን፣ ለመኝታው ስሱን አደረግኩ። ነፋስ ይበልጥ እንዲገባ ብዬ ነበር። ትንኟ በበሩ ገብታ መኝታው ድረስ መጣች። አንድ ቀዳዳ ክፍት ከሆነ ሁሉም ክፍት ነው። ረግረግ አጠገብ የምታድሩ ከሆነ ሁሉንም በስሱ ሥሩ። ከተማ ወደብ ላይ ብቻ የምታድሩ ከሆነ የተለመደው ይበቃል።

ስለ ጨርቁ ዓይነት ደግሞ፦ ፋይበርግላስ ርካሽ ነው፤ ግን ሲታጠፍ ይሰበራል፤ የተቆረጠው ጠርዙም እጅ ይበላል። አሉሚኒየም ጨው አይወድም። ናይለን ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ፀሐይም ቶሎ ትበላዋለች። ፖሊስተር ለስላሳ ነው፣ ይታጠፋል፣ ኪስ ውስጥ እንኳ ይገባል። ቀለሙን ጥቁር አድርጉት። ነጭ መረብ ብርሃን ሲያርፍበት ያብረቀርቅና ውጭውን ይጋርዳል። በጥቁሩ ውስጥ ግን ባሕሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አጎበር ቆርጬ ብጠቀምስ?

ገዝታችሁት ከሆነ ይቻላል። የአልጋ አጎበር ቢንቢን ለመያዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ኢንች ካሬ 156 ቀዳዳ አለው። ስለዚህ ደቃቋን ትንኝ አያቆምም። ጥንካሬም ይጎድለዋል፤ በር ላይ ከተሰቀለ በአንድ ሰመር ይቀደዳል።

አገር ቤት በነፃ የሚታደለውን አጎበር ግን አትንኩ። እሱ ሰው ሊተኛበት የተሰጠ ነው። መስኮት ላይ ተቸንክሮ ልጅ ያለ አጎበር ሲተኛ ማየት ያመኛል።

ልኬቱን እንዴት ልውሰድ?

በሜትር ብቻ አትመኑ። በተለይ የድሮ ጀልባ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። የእኛ ሁለት የጎን መስኮቶች ሲታዩ መንታ ናቸው፤ ሲለኩ በአንድ ሳንቲ ሜትር ይለያያሉ።

ጋዜጣ ውሰዱና መስኮቱ ላይ ለጥፉት። ጠርዙን በጣት ጫን ጫን እያደረጋችሁ መስመሩን አውጡ። ከዚያ ቁረጡት፣ መልሳችሁ ግጠሙት፣ አስተካክሉት። የትኛው መስኮት እንደሆነና የትኛው ጎኑ ወደ ላይ እንደሆነ ጋዜጣው ላይ ጻፉበት። መረቡን የምትቆርጡት በዚህ ልክ ሳይሆን ዙሪያውን 4 ሳንቲ ሜትር ጨምራችሁ ነው። የሚቀመቀመው እሱ ነው።

የጣሪያውን መስኮት በምን ላያይዘው?

ይኼ ከመኝታው በላይ ያለው፣ ወደ ላይ የሚከፈተው ካሬ መስኮት ነው። ብዙው አየር የሚገባው በእሱ ነው። ወደ ውጭ ስለሚከፈት መረቡ ከውስጥ ነው የሚሆነው።

እኔ የተጠቀምኩት ቬልክሮ ነው፤ ጫማና ቦርሳ ላይ ጨርር እያለ የሚላቀቀው። ሁለት ወገን አለው፦ ሻካራና ለስላሳ። የትኛው የት ይሁን የሚለው ቀላል ጥያቄ ይመስላል። የመጀመሪያው ዓመት ሻካራውን ጀልባው ላይ ለጠፍኩት። መረቡ ሲወርድ ሻካራው ጣሪያው ላይ እንደፈጠጠ ይቀራል። አንድ እሁድ አክስቴ ጀልባውን ሊያዩ መጡ። ከደረጃው ወርደው ቀና ሲሉ ነጠላቸው ተያዘ። ሳብ አድርገው ሲያስለቅቁት ከጥለቱ ሦስት ክር ተመዘዘ። ምንም አላሉኝም፤ ነጠላውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉንም ነቅዬ ለስላሳውን ጀልባው ላይ፣ ሻካራውን መረቡ ላይ አደረግኩ። ሻካራው ራሱን መረቡን እንዳይቦጭቀው ደግሞ ሲጠቀለል ፊቱ ወደ ውጭ እንዲሆን አደርጋለሁ።

ማጣበቂያው እንዲይዝ ቦታው ንጹሕ ይሁን። በአልኮል ጥረጉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ለጥፋችሁ በጣት አጥብቃችሁ ተጫኑት። ለ24 ሰዓት አትንኩት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ለጥፎ ወዲያው መረቡን ይሞክራል፤ ሲያላቅቀው ማጣበቂያውም አብሮ ይመጣል። በብርድ ቀንም አትለጥፉ።

ቬልክሮው ዙሪያውን ሳይቋረጥ ይሂድ። በየማዕዘኑ ቁራጭ ለጥፎ መካከሉን መተው ምንም ጥቅም የለውም። መረቡ መሀል መሀሉን ይላቀቃል፤ ቢንቢ ደግሞ ጠርዝ ለጠርዝ እየሄደች ቀዳዳ ፍለጋ የምታድር ፍጥረት ናት። ከመረቡ ጥራት ይልቅ ጠርዙ ይበልጣል። ርካሽ መረብ በጥሩ ጠርዝ ያስተኛል። ውድ መረብ በክፍት ጠርዝ አያስተኛም።

አንድ ነገር እንዳትረሱ። አንዱ ማዕዘን ላይ 5 ሳንቲ ሜትር የምትሆን የጨርቅ ጆሮ ስፉበት። ሌሊት ዝናብ ሲመጣ በእሷ ይዛችሁ አንድ ማዕዘን ብቻ ታላቅቃላችሁ፣ እጃችሁን አስገብታችሁ መስኮቱን ትዘጋላችሁ፣ ትመልሳላችሁ። በጨለማ፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው እጅ፣ ይቺ ጆሮ ብዙ ታግዛለች።

የጎን ትንንሽ መስኮቶችስ?

እነዚህ ቀላል ናቸው። ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ከመስኮቱ ዙሪያ ጥቂት ሚሊ ሜትር አስረዝማችሁ ቁረጡና ቀለበት አድርጉት። መረቡን በላዩ ወጥራችሁ ስፉበት። ቀለበቱን ጨመቅ አድርጋችሁ መስኮቱ ውስጥ ስትለቁት ራሱ ተወጥሮ ይይዛል። ማጣበቂያ የለ፣ ብሎን የለ። መስኮቱ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ከውጭ በኩል ግጠሙት። ያኔ ግን በቀጭን ገመድ እሰሩት፤ አለበለዚያ ነፋስ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ይጥለዋል።

በሩ ነው ያስቸገረኝ። ምን ይሻላል?

ሁሉንም የሚያስቸግረው እሱ ነው። የባለ ሸራ ጀልባ በር እንደ ቤት በር አይደለም። ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ይላል። ግማሹ የቆመ ቀዳዳ፣ ግማሹ የተኛ ቀዳዳ ነው፤ ምክንያቱም የጣሪያው ክዳን ወደ ፊት ይንሸራተታል። ሰው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይወጣበታል፣ ይገባበታል። መልህቁ እንደያዘ ለማየት እኔ ራሴ ሁለት ሦስት ጊዜ እነሳለሁ።

እዚህ ቬልክሮ አይሆንም። ስምንት ጊዜ የተላቀቀ ቬልክሮ ዘጠነኛው ላይ ሰው ሰልችቶት ክፍት ይተወዋል። በሩ የሚፈልገው ራሱ የሚዘጋ ነገር ነው።

መፍትሔው ክብደት ነው። ከበሩ በሁሉም ጎን 20 ሳንቲ ሜትር የሚተርፍ ትልቅ መረብ ትቆርጣላችሁ። ዙሪያውን ሰፋ ያለ ቅምቅማት ታደርጉለታላችሁ፤ እንደ ሱሪ ቀበቶ መግቢያ ክፍት ሆኖ የሚሄድ። በቅምቅማቱ ውስጥ ቀጭን የማይዝግ ሰንሰለት ታስገባላችሁ። መረቡን ከላይ፣ በክዳኑና በበሩ ላይ ጣል ማድረግ ነው። ሰንሰለቱ በራሱ ክብደት ወለሉን ተከትሎ ይተኛል። ወጣ ገባ ቢኖር እንኳ አብሮ ይጎብጣል። ስትወጡ በእጅ ገፋ ታደርጉታላችሁ፤ ከኋላችሁ ሸርተት ብሎ ቦታው ይመለሳል። ሰንሰለቱ ወለሉን ሲነካ የሚያሰማው ትንሽ ድምፅ አለ። አሁን ልጆቹ በሩን "ዝጉ" መባል አያስፈልጋቸውም።

መጀመሪያ ሮንዴላ ነበር የሰፋሁበት፤ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ አንድ። ሮንዴላው ያለበት ይተኛል፤ በመካከሉ ያለው ጨርቅ ግን ይነሳል። በመካከሉ ይገባሉ። ያ ሮንዴላ የማይዝግም ስላልነበረ በሁለተኛው ወር ነጩ ወለል ላይ ቡናማ ክብ ክብ ምልክት ተወ። ሰንሰለት ይሻላል። የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ ርካሽ ነው ብለው የሚመክሩ አሉ። ሕፃን ባለበት ጀልባ ላይ እርሳስ አታስገቡ፤ መርዝ ነው፤ ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል።

መረቡን አጥብቃችሁ አትወጥሩት። ላላ ይበል፣ ትንሽ ይነፋ። ለምን እንደሆነ ስለ ሙቀት በሚለው ጥያቄ ላይ እነግራችኋለሁ።

ማግኔት አይቀልም?

ይቀላል። ጠርዙ ላይ ማግኔት የተሰፋበት መረብ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። ነገር ግን የመሪው ኮምፓስ ብዙውን ጊዜ በሩ አጠገብ ነው። ማግኔት ኮምፓስን ያስታል። አንዳንድ ጀልባ ደግሞ በራሱ የሚመራበት መሣሪያ አለው፤ የእሱም ኮምፓስ ከወንበር ሥር ወይም ከግድግዳ ጀርባ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ማግኔት የምትጠቀሙ ከሆነ ከኮምፓስ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ መረቡን አጠገቡ አምጥታችሁ መርፌው ይነቃነቅ እንደሆነ እዩ። እኔ በሩ ላይ ጨርሶ አላደርገውም። ጭጋግ ባለበት ማለዳ ያቺ መርፌ ናት ተስፋችን።

ስፌት አላውቅም። እንዴት ልሥራው?

እኔም አላውቅም ነበር። ያሳዩኝ የባለቤቴ እናት ናቸው፤ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ። መረብ ያንሸራትታል፤ የስፌት መኪናው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይጨማደዳል። እሳቸው ምን አደረጉ? መጀመሪያ ስስ ወረቀት ከሥር አነጠፉ። መረቡን ከወረቀቱ ጋር አብረው ሰፉት። ሲጨርሱ ወረቀቱን በስፌቱ መስመር ቀደው አወጡት፤ እንደ ቴምብር ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይለቃል። መረቡ ይጨማደዳል ብዬ የፈራሁት ሁሉ አልሆነም።

ጠርዙን መረቡን ብቻ አጥፋችሁ አትስፉ። 5 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የሸራ ወይም የፖሊስተር ጥብጣብ ወስዳችሁ ለሁለት እጠፉት፤ የመረቡን ጠርዝ በመካከሉ ሳንድዊች አድርጉና ሁለት መስመር ስፉ። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። የጥጥ ክር ፀሐይና እርጥበት በአንድ ሰመር ያበሰብሱታል፤ መረቡ ደህና ሆኖ ስፌቱ ይረግፋል።

ስፌት መኪና ከሌላችሁ በእጅ ይቻላል። ትንንሾቹን መስኮቶች እኔ በእጅ ነው የሰፋሁት፣ ራዲዮ እያዳመጥኩ። ለበሩ ግን ሰፊ ጋ ውሰዱት። አራት ሜትር ቅምቅማት በእጅ መስፋት ትዕግሥት ይጨርሳል።

መረብ ከተደረገ ጀልባው አይሞቅም?

ይሞቃል። መረብ ነፋስ ይቀንሳል። ስሱ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ይኼን ማንም አያስቀርም።

መላው መረቡን ከቀዳዳው ማስፋት ነው። ነፋሱ የሚያልፈው በመረቡ ስፋት ልክ ስለሆነ፣ ከመስኮቱ እጥፍ የሚሰፋ መረብ እንደ ከረጢት ተነፍቶ ቢሸፍነው የታጣው ነፋስ ብዙው ይመለሳል። የበሩ መረብ ላላ ይበል ያልኩት ለዚህ ነው። ለጣሪያውም መስኮት ክዳኑን እንደተከፈተ ከላይ የሚያለብስ፣ ጠርዙ ላስቲክ ያለው እንደ ሻወር ኮፍያ ዓይነት መረብ መስፋት ይቻላል። አየሩ በጣም ጥሩ ነው። ዝናብ ሲመጣ ግን ወጥቶ ማውለቅ ይጠይቃል። እኔ ዝናብ እንደማይኖር እርግጠኛ በሆንኩበት ምሽት ብቻ ነው የማለብሰው።

ከዚያ ሌላ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያ መኝታው ላይ ስቀሉ። ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው። ታቀዘቅዛለች፤ ደግሞም አምልጣ የገባች ቢንቢ በዚያ ነፋስ ውስጥ ቆዳ ላይ ማረፍ አትችልም።

መረቡ ላይ መድኃኒት ብነፋበትስ?

ፐርሜትሪን የሚባለው አለ። ብዙ አጎበር የሚነከርበት መድኃኒት ወገን ነው። ይሠራል። ግን ለዓሣና ለውሃ ውስጥ ነፍሳት ክፉ መርዝ ነው፤ ድመትም ላይ እርጥብ ሳለ አደጋ አለው። ጀልባ ላይ ሆናችሁ አትንፉት፤ የተነከረውንም ባሕር ውስጥ አትጠቡት። የምንበላው ሸርጣን ከዚያው ውሃ ነው። እኔ አልተጠቀምኩም። ጠርዙ ከያዘ አያስፈልግም።

እሳትና አደጋ ላይስ?

ፖሊስተር ይቀልጣል። በብዙ ጀልባ ምድጃው በሩ አጠገብ ስለሆነ ምግብ እየበሰለ መረቡ ተጠቅልሎ ይነሳ። ሁለተኛ፣ የትኛውም መረብ መውጫ መዝጋት የለበትም። ልጅ በጨለማ በአንድ ግፊት የማታስለቅቀውን መረብ አትሥሩ። ዚፕ ያለው በር የማልወደው ለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ መረብ ጭስም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን የሞተር መርዛማ ጋዝም አያስቀርም። ሞተር እየሠራ ከኋላ ነፋስ ከመጣ በመረቡ አልፎ ይገባል። የማስጠንቀቂያ መሣሪያው መረብ ቢኖርም ባይኖርም መኖር አለበት።

ሁሉንም ሠርቻለሁ፤ አሁንም እየነከሰኝ ነው። በየት ገባ?

ሲጨልም ውስጥ መብራት አብሩና እናንተ ውጡ። መብራቱ በጠርዝ በኩል እንደ ክር ሾልኮ ከታየ መግቢያው እሱ ነው። እኛ በዚህ መንገድ ነው የመልህቁ ሰንሰለት የሚያልፍበትን ቀዳዳ ያገኘነው። ከፊት በኩል ሰንሰለቱ ወደ ውስጥ የሚወርድበት ቀዳዳ አለ፤ ከእሱ ደግሞ ወደ መኝታው የሚያስገባ ትንሽ በር። ሁለት ሰመር ሙሉ በዚያ ሲገቡ ነበር። አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ወተፍኩበት።

ቀዳዳ ከሌለ ሰዓቱን እዩ። መረብ የሚሰቀለው ቢንቢ ከመጣች በኋላ ሳይሆን ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ነው። ዘግይታችሁ ከሰቀላችሁ አብራችኋት ነው የተዘጋችሁት። ለዚህ ነው መረብ በአንድ ደቂቃ ያለ መፍቻ ያለ ብሎን መሰቀል አለበት የምለው። ብዙ ጣጣ ያለው መረብ ነገ ዛሬ እየተባለ ሳይሰቀል ይመሻል።

ደግሞ የት ነው መልህቅ የጣላችሁት? ከረግረጉ ጥቂት መቶ ሜትር ራቁ። ነፋሱ ከየብስ ወደ እናንተ የሚነፍስ ከሆነ ይዟቸው ይመጣል።

ጀልባው ራሱም ሊያራባ ይችላል። በትንሿ መቅዘፊያ ጀልባ ውስጥ የቀረ የዝናብ ውሃ በሙቀት ሳምንት አሥር ቀን ይበቃዋል፤ እጭ የነበረው ቢንቢ ሆኖ ይወጣል። ቅዳሜ ስትደርሱ መጀመሪያ እሱን ገልብጡ።

ለመሆኑ እዚህ አገር ቢንቢ በሽታ ታስተላልፋለች?

አዎ። የዌስት ናይል ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1999 ኒውዮርክ ውስጥ ከታየ ወዲህ በመላው አገሪቱ ተሰራጭቷል። ወባ ከአሜሪካ ከጠፋ ቆይቷል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2023 ሜሪላንድ ውስጥ ከአገር ሳይወጣ እዚሁ በወባ የተያዘ ሰው ተገኝቶ ነበር። የሚያስደነግጥ አይደለም። ከአገር ቤት ተመልሶ ትኩሳት የያዘው ሰው ግን ሐኪሙ ሳይጠይቀው የት እንደነበር ይናገር።

ስንት ያስወጣል?

የእኛ ጀልባ ሙሉው ከ100 ዶላር በታች ነው ያለቀው። ሰንሰለቱና ጥሩው ቬልክሮ ናቸው ብዙውን የወሰዱት። ተሠርቶ የሚሸጠው የበር መረብ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል፤ ልኩም አይገጥምም።

የብርዱን ወራት እንዴት ላቆየው?

በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡ። ጨው ከቀረበት እርጥበት እየሳበ ይሻግታል። በጥላ ይድረቅ። ጠቅልላችሁ አስቀምጡ እንጂ አትጠፉት። የትኛው የየት መስኮት እንደሆነ በማይለቅ እስክሪብቶ ጠርዙ ላይ ይጻፍ።

ይኼንኑ አገር ቤት መስኮት ላይ መሥራት እችላለሁ?

በደንብ። እንዲያውም ከጀልባው ይልቅ እዚያ ነው ዋጋ ያለው። አርባ ምንጭ አካባቢ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት በርና መስኮት በመረብ ሲሸፈን ቤት ውስጥ የምትገኘው የወባ ትንኝ (ወባ የምታስተላልፈው ቢንቢ) ቁጥር እንደሚቀንስ አሳይቷል። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ ቤተሰብ ያላችሁ ስልክ ደውላችሁ ልኬት አስወስዱ። በሻንጣ የሚላክ ነገር ነው፤ ስስ መረብ ክብደት የለውም።

ቤት ላይ ቬልክሮውን ተዉት፤ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ አይቆይም። መረቡን በቀጭን የእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥሮ መቸንከር ይበልጣል። በሩ ላይ ግን የሰንሰለቱ መጋረጃ እንዳለ ይሠራል። መስኮቱን ሸፍናችሁ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ከረሳችሁ ልፋቱ ከንቱ ነው። የወባ ትንኝ የምትወደው መግቢያ እሱ ነው። ኮርኒስ ከሌለ በዚያው መረብ ድፈኑት። አጎበሩም ይቀጥል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ለአገራችን አዲስ የሆነች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኝታለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝም ምክንያት ነበረች። ይቺኛዋ ረግረግ አትፈልግም። ከተማ ውስጥ፣ ሰው ውሃ በሚያጠራቅምበት ዕቃ ውስጥ ትራባለች። ከመስኮት የተረፈ ቁራጭ መረብ ካላችሁ አትጣሉት። ሮቶው አናት ላይ ወጥታችሁ ክዳኑ ይገጥም እንደሆነ እዩ፤ የማይገጥም ከሆነ አፉ ላይ አልብሱትና ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ዙሪያውን አጥብቃችሁ እሰሩት።